«ሴትል» ማለት ምን ማለት ነው?

እንግሊዝኛ ፈጽሞ ያልተማረ የካኩማ ነዋሪ እንኳ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ያውቃል። ይኸውም «ሴትል» የተባለው ነው። ግሡ እኛ ዘንድ ብቻውን አይመጣም። «ሪ» የምትባል ቅጥያ ከፊቱ አስቀድሞ፣ «መንት» የምትባል ጅራት ከኋላው አስከትሎ፣ «ሪሴትልመንት» እየተባለ በውኃ ወረፋ፣ በራሽን ወረፋ፣ በቡና ላይ፣ በለቅሶ ቤትም ሳይቀር ሲነሣ ይውላል። ቅጥያውና ጅራቱ ተነሥተው መካከል ላይ የሚቀረው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ሳያመነታ «መሄድ» ብሎ ይመልሳል። ቃሉ ግን የመሄድ ተቃራኒ ነው። «ሴትል» ማለት መቀመጥ ነው።

በዚህች እጅ በእጅ በምትዞር ወረቀታችን ላይ ለአንድ የባዕድ ግሥ ይህን ያህል ቦታ መስጠታችን ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ስንትና ስንት ዓመት የሚጠበቅ ነገር ስሙ ምን ማለት እንደ ሆነ መመርመር ቅንጦት አይመስለንም። ከስሙም ጋር አንድ ክርክር ተያይዞ አለ፤ እሱን ወደ በኋላ እናመጣዋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሴትል» ስም ነበረ፤ ትርጉሙም መቀመጫ፣ ወንበር ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን እንግሊዞች መደገፊያው ከፍ ያለውን ረጅም የእንጨት አግዳሚ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ተቀመጠ ከሚለው «ሲት» ከተባለው ግሣቸው ጋርም የሥጋ ዘመድ ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም፤ እኛም የሰውን መኖሪያ ስንጠይቅ «የት ነው የሚቀመጡት?» እንላለንና። በሁለቱም ቋንቋ ሰው ነዋሪ የሚሆነው በመቀመጥ ነው። እንግሊዝኛው ግን ከዚያ ወንበር ተነሥቶ ሩቅ ሄዷል። ወፍ ከቅርንጫፍ ላይ ስታርፍ፣ አቧራ ከነፋስ በኋላ መሬት ሲይዝ፣ የታወከ ሆድ ሲረጋጋ፣ አዲስ የተሠራ ቤት በገዛ ክብደቱ ጥቂት ሲሰምጥ፣ ባለ ዕዳ ዕዳውን ሲከፍል፣ የተጣሉ ሲታረቁ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ከፍርድ ቤት ውጭ ሲስማሙ፣ ብዙ ጭቅጭቅ ከተካሄደ በኋላ «በቃ፣ እንዲህ ይሁን» ተብሎ ሲቆረጥ፣ ይህ ሁሉ በዚያው በአንዱ ግሥ ይነገራል።

አማርኛችን ለእያንዳንዱ የየራሱን ቃል ሰጥቶታል። አረፈ፣ ረጋ፣ ዘቀጠ፣ ሰከነ፣ ከፈለ፣ አወራረደ፣ ታረቀ፣ ቆረጠ እንላለን። ከእነዚህ መካከል ለእንግሊዝኛው ግሥ መንፈስ እጅግ የሚቀርበው «ሰከነ» ይመስለናል። ጀበናው ከእሳት ወርዶ በማቶቱ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ወዲያው የሚቀዳ ባለሙያ የለም፤ እስኪሰክን ይጠበቃል። አተላው ወደ ታች ሲወርድ ከላይ ያለው ይጠራል። ነገር የሚገባው፣ ቶሎ የማይገነፍል ሰውም «የሰከነ ሰው» የሚባለው በዚሁ ምሳሌ ነው። «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» የሚለው ተረትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ምንም እንኳ ወተቱ ከረጋ በኋላ መናጡ የማይቀርለት ቢሆንም።

መዝገበ ቃላት ገልጠን የ«ሴትል»ን ተመሳሳዮች ብንመለከት ደግሞ ሌላ ጉድ እናገኛለን። «ድዌል» የሚለው ቃል ዛሬ ኖረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ማሳሳት፣ መንገድ ማሳት ነበረ፤ ከዚያ ማዘግየት ሆነ፤ ከዚያም መዘግየት፤ በመጨረሻ ከአንድ ቦታ የዘገየ ሰው የዚያው ቦታ ነዋሪ ተባለ። መንገድ ስቶ፣ ዘግይቶ፣ ነዋሪ መሆን! የዚህን ቃል ታሪክ ለእኛ ሰፈር ሰው ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም። «ሪዛይድ» የሚለው ከላቲን የመጣ ሲሆን ተደላድሎ መቀመጥ ማለት ነው፤ ሆኖም ተጣርቶ የቀረ ዝቃጭ የሚጠራበት ቃል ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ከፈለ ማለት የሆነው «ፔይ» ደግሞ ሰላም ከሚለው የላቲን ቃል ወጣ። መክፈል በመጀመሪያው ትርጉሙ ባለ ገንዘቡን ሰላም መስጠት፣ ማስታገሥ ነበረ። አንባቢ ይህችን የመጨረሻዋን እንዳይረሳብን እንለምናለን።

ባለ ሥልጣኖችና ጋዜጦች «ሴትል»ን ወደ አማርኛ ሲመልሱት ግን ሰከነንም ተቀመጠንም ትተው «ሰፈረ»ን ይመርጣሉ። ሪሴትልመንት መልሶ ማስፈር፣ ሴትለር ሰፋሪ ይባላል። «ሰፈረ» ደግሞ ከባድ ቃል ነው። ጦር ድንኳኑን ተክሎ ሲያድር ሰፈረ ይባላል፤ በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች በየመኳንንቱ ስም የተጠሩትም ጭፍሮቻቸውን ይዘው በዚያ በመስፈራቸው ነው። እህልም በቁና ሲለካ ተሰፈረ ይባላል። ስምም በመዝገብ ሲጻፍ ሰፈረ ይባላል። አንዳንድ ጸሐፊ አንዱን በንጉሡ ሠ፣ ሌላውን በእሳቱ ሰ እየጻፈ ሊለያያቸው ይሞክራል፤ ጆሮ ግን አይለያቸውም። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ድንኳን፣ የተለካ እህል፣ የተጻፈ ስም። የስደተኛን ኑሮ ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ ቃል ማን ሊያወጣ ይችላል? ማን ሄዶ ማን እንደሚቀር የሚለይበት «መስፈርት»ም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው።

ሰፈረ ወደ «አሰፈረ» ሲለወጥ ደግሞ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፤ አንዱ አስፋሪ፣ ሌላው ተሰፋሪ። ይህን አገራችን በደንብ ታውቀዋለች። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1986 መጀመሪያ ድረስ የደርግ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋ፣ በጋምቤላና በመተከል አሰፈረ። ረኃብ ነበረና ወድደው የሄዱ ነበሩ። ሳይወዱ የተጫኑም ብዙ ነበሩ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በየመኪናው ተለያዩ፤ በጉዞና በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ። ከአዲሱ ሰፈራቸው ጠፍተው ሱዳን ገብተው ስደተኛ የሆኑም አሉ። እነዚህ ሰዎች በመንግሥት መዝገብ ሰፋሪዎች ነበሩ፤ መጠለያ ተሰጥቷቸዋል፣ እህል ተሰፍሮላቸዋል፣ ስማቸውም ሰፍሯል። መስከን ግን ሌላ ነገር ነው።

የቃሉ ባለቤቶችም ቢሆኑ በገዛ ቃላቸው ድኻቸውን ሲያሳድዱበት ኖረዋል። በእንግሊዝ አገር በ1662 በወጣው የድሆች ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ድኻ «ሴትልመንት» ያለበት አንድ አጥቢያ ነበረው፤ ቢቸገር የሚረዳው ያ አጥቢያ ብቻ ነው። ኪራዩ በዓመት 10 ፓውንድ በማያወጣ ቤት የገባ መጤ ነገ ሸክም ይሆንብናል ተብሎ ከተፈራ፣ በ40 ቀን ውስጥ አቤቱታ ቀርቦበት በዳኞች ትእዛዝ ወደ መጣበት ይመለስ ነበር። ኋላም ዓመት ሙሉ ተቀጥሮ የሠራ ያላገባ ሰው የአጥቢያው ሰው ይሁን ስለ ተባለ፣ ዓመቱ ሳይሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሚያሰናብቱ አሠሪዎች በዙ። እርጉዝ ሴት ልጇ እዚያ ተወልዶ የአጥቢያው ዕዳ እንዳይሆን ከድንበር ውጭ ስትባረር የነበረችበት ጊዜም ነበረ። ይህ ሁሉ የተደረገው ባሕር ተሻግሮ በመጣ ባዕድ ላይ አይደለም። እንግሊዛዊው በእንግሊዛዊው ላይ፣ አንዳንዴም የግማሽ ቀን መንገድ ብቻ ተጉዞ በመጣ ሰው ላይ ያደረገው ነው።

አሁን ባለንበት አገር ደግሞ ቃሉ ሌላ ጠባሳ አለው። በኬንያ «ሴትለር» ሲባል በቅኝ ግዛት ዘመን ደጋውን የያዙት ነጮች ናቸው፤ በ1915 የወጣው ሕግ መሬቱን እስከ 999 ዓመት እንዲከራዩት ፈቅዶላቸው ነበር። ከ1962 ጀምሮ ያው መሬት እየተገዛ ለአፍሪካውያን ገበሬዎች ሲከፋፈል ደግሞ ፕሮግራሙ «ሴትልመንት ስኪም» ተባለ። ነቃዩም ተካዩም በአንድ ስም ተጠሩ ማለት ነው።

እንግዲህ ያዘገየነው ክርክር ይህ ነው፦ ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው መቀመጥ ይገባዋልን?

አንደኛው ወገን አይገባውም ይላል። እኛ መንገደኞች ነን፤ መንገደኛ በሰው አገር ሥር ከሰደደ ከየት እንደ መጣ ይረሳል፤ ረስቷል ከተባለም የሚፈልገው አይኖርም። ግድግዳ መለሰን፣ ዛፍ መትከል፣ ልጅን በስዋሂሊ ማሳደግ «ተመችቶናል» ብሎ እንደ መፈረም ነው ይላል። ይህን የሚሉት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። እንግሊዝኛው ራሱ ይመሰክርላቸዋል። «ሴትል» «ፎር» የምትባል ትንሽ ቃል ስትከተለው፣ የፈለገውን ያጣ ሰው ባነሰው ተስማማ ማለት ይሆናል፤ እኛ «ከመሞት መሰንበት» እንደምንለው ያለ ነው። በፍርድ ቤት ቋንቋም ከሳሽ «ሴትል» አደረገ ማለት ጥቂት ነገር ተቀብሎ ክሱን ዘጋ፣ ዳግመኛም በዚያ ጉዳይ አይመጣም ማለት ነው። ቤቱን፣ መሬቱን፣ የወንድሙን ደም የሚጠይቅ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ቢፈራ አይፈረድበትም።

ሌላው ወገን ደግሞ ቁጥር ያነሣል። ካኩማ የተቋቋመው በ1992 ነው፤ በዚያ ዓመት እዚህ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል። በዓለም ካሉት ስደተኞች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የሦስተኛ አገር ዕድል የሚደርሳቸው ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞሉ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። በ2025 ጥር ወር የአሜሪካ የስደተኞች መቀበያ ፕሮግራም በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሲታገድ፣ ምርመራውን ሁሉ ጨርሰው የበረራ ቀን የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ በያሉበት ቀሩ። እንዲህ ባለ ዕጣ ሙሉ ዕድሜን ማስያዝ ምን ይባላል? ይላሉ።

እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ወገኖች ቃሉን አንድ ፍቺ ብቻ ያለው አድርገውታል። ከፍቺዎቹ አንዱ፣ ማለትም በሕግ ተፈቅዶ በአንድ አገር መቀመጥ፣ በቢሮ እጅ ነው፤ ያንን ለራሳችን ልንሰጥ አንችልም። የቀሩትን ግን፣ ዕዳ መክፈልን፣ መታረቅን፣ ነገርን መቁረጥን፣ መስከንን፣ ማንም መሥሪያ ቤት አይሰጥም፣ ማንም አይከለክልም። በሰፈራችን የምናየው ችግር አንደኛው እስኪመጣ ድረስ ሌሎቹም አብረው እንዲያድሩ መደረጋቸው ነው።

ዕዳውን እንውሰድ። ባለ ሱቆቻችን ደብተር አላቸው፤ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ የስልክ ካርዱ በየስሙ እየተጻፈ ይወሰዳል። ቀጠሮው «ሲወጣልኝ» የሆነ ዕዳ በየገጹ አለ። ወጥቶላቸው እንደ ደረሱ የላኩ ሰዎች አሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ያልወጣለትስ? ባለ ሱቁም እኮ ስደተኛ ነው፤ ዱቄቱን ያመጣለት ነጋዴ «ሲወጣልኝ» የሚባል ቀን አያውቅም። ተበዳሪው በበኩሉ በሱቁ ፊት ማለፍ አፍሮ በሌላ መንገድ ይዞራል። መክፈል ሰላም መስጠት ነበረ ያልነው ለዚህ ነው፤ ሰላሙም ለተከፈለው ብቻ ሳይሆን ለከፈለውም ነው። በወር ሃምሳ ሽልንግ የሚያቀርብ ሰው ዕዳው ባያልቅለትም መንገዱ ቀጥ ይልለታል።

ጠብም እንዲሁ ነው። ሁለት ቤተ ሰቦች በቧንቧ ወረፋ ይጣላሉ። ሽማግሌ ሲላክባቸው «ምን አደከማችሁ፣ ነገ ለምንለያየው» ይላሉ። ነገ ግን አልመጣም፤ የመጣው የልጆቻቸው ጠብ ነው። እድር አልገባም ያለውም «መሄዴ ነው» ብሎ ነበር፤ ሞት ግን ፕሮሰስ አይጠብቅም፤ በመጨረሻም ድንኳኑን የተከሉለት እነዚያው የእድሩ ሰዎች ናቸው።

ሁሉንም ግን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። የቤተ ሰቡ ቁጥር ከተለወጠ ጉዳዩ ይዘገያል ብለው ጋብቻቸውን የሚያቆዩ ወጣቶች አሉ። እነሱን አንወቅስም። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም፤ የሚጎዱትም ራሳቸውን ብቻ ነው፤ የሚያቆዩትም ነገር የሌላ ሰው ዕቃ አይደለም። ባለ ሱቁን የሚያስጠብቀውና እጮኛውን የሚያስጠብቀው አንድ አይደሉም፤ እጮኛይቱ ተጠይቃ እሺ ብላለችና። አልተጠየቀች እንደ ሆነ ግን ያው ዕዳ ነው። ልጁን «እዚያ ይማራል» እያለ ከትምህርት ቤት ያስቀረውን አባት በተመለከተ ግን ከዚህ ለዘብ ያለ ቃል የለንም፤ ልጁ አልተጠየቀም፣ ዕድሜውም አይመለስለትም።

የመጀመሪያው ወገን ፍርሃት ግን አሁንም እንዳለ ነው። መስከን ክስን መዝጋት ሆኖ ቢቆጠርብንስ? ነገሩ የሩቅ ሐሳብ አይደለም። ኡጋንዳ እንደ ናኪቫሌ ያሉትን የስደተኞች ቦታዎች «ካምፕ» ሳትል «ሴትልመንት» ስትል ኖራለች። ከእኛ አጠገብ ያለው ካሎበዬይ ስደተኛ መቀበል ከጀመረበት ከ2016 አንሥቶ በዚሁ ስም ይጠራል። የኬንያ መንግሥት በ2025 መጋቢት ወር ይፋ ያደረገው ሺሪካ የተባለው ዕቅድም ካኩማንና ዳዳብን ከካምፕነት ወደ «ሴትልመንት»ነት የመለወጥ ዓላማ አለው። ስለ ዕቅዱ ስብሰባ ሲጠራ፣ ቃሉ በየትኛው ፍቺው እንደ ተነገረ መጠየቅ መብታችን ነው እንላለን። የሥራና የመንቀሳቀስ ፈቃድ ነው? የመሬት ይዞታ ነው? ወይስ «ከእንግዲህ ጉዳያችሁ ተዘግቷል» ማለት ነው? ሦስቱም በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ሊነገሩ ይችላሉና፣ አስተርጓሚው «መስፈር» ብሎ ቢያልፍ እጅ አውጥቶ ማስቆም ያስፈልጋል።

መቀመጥና መመለስ የማይታረቁ ጠላቶች ናቸው የሚለውን ግን አንቀበልም። ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባትም ከተማ ሰላምን ፈልጉ አላቸው። ሐናንያ የተባለው ነቢይ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ሕዝቡን ደስ አሰኝቶ ነበር፤ ኤርምያስ 70 ዓመት አለ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እስከዚህ ያለውን ነው። ነገር ግን ይኸው ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተከብባ፣ እሱም ታስሮ ሳለ፣ በዓናቶት ያለውን የዘመዱን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዝቶ የውሉን ጽሑፍ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። በባቢሎን ትከሉ ያለው ሰው በአገሩ መሬት ገዛ። አንዱን ያደረገው ሌላውን ትቶ አይደለም።

ሙስሊሞች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም የሚያውቁት ታሪክ አለ። በ615 አካባቢ ከመካ ወጥተው በሐበሻ ንጉሥ የተጠለሉት ሰሐቦች መካከል ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከባልንጀሮቹ ጋር እስከ 628 ድረስ ተቀምጧል። ልጆችም እዚሁ ወልዷል። ለመመለስ የተዘጋጀ ሰው ነው ብሎ ቤተ ሰቡን ዐሥራ ሦስት ዓመት በደጃፍ አላቆመም፤ የመመለሻው ቀን ሲደርስም ሄደ።

የቀረች አንዲት ነገር አለች። «ሴትለር» የሚለውን ቃል የኬንያ ሰው በምን ጆሮ እንደሚሰማው ከላይ አይተናል። እኛ ግድግዳ ስንለስን የምንለስነው ቱርካናዎች ፍየልና ግመል በሚያሰማሩበት መሬት ላይ ነው። በማገዶና በውኃ ምክንያት የተነሡ ጠቦች አሉ፤ ከእነሱም በኩል፣ ከእኛም በኩል ጥፋት አለ። ዕዳና ዕርቅ ስንል በአማርኛ የሚነጋገሩትን ብቻ ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን።

የማኅበረ ሰባችን ሽማግሌዎች በዚህ ወር በየእሑዱ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ከጸሎት በኋላ በኒሙ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ከቱርካናም ሁለት አባቶች እንዲመጡ ተጠይቀው እሺ ብለዋል። የሱቅ ደብተር ያላችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ስማችሁ በደብተሩ ያለባችሁም ኑ።